የዳጉሳው ዘርና የሳቪ አፍንጫ

«አነጥሺ በቃ!» ይላል ከጓደኛዋ ከፑኒ የመጣው መልእክት። «አንዴ እጥሽ በይና ላሽ! አውቶቡሱ ሊነሳ ነው፤ ፊልሙ ደግሞ ዛሬ ብቻ ነው የሚታየው። ፋራ አትሁኚ።»

ሳቪ ስልኳን ኪሷ ከተተች። ወንድ አያቷ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው፣ በማይታዘዙ ጣቶቻቸው የጫማቸውን ክር ያስራሉ። አጠገባቸው የዳጉሳው ዘር በከረጢት ተቀምጧል። ዘሩን ከጣሪያው ሥር ሰቅለው ያቆዩት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሴት አያቷ ነበሩ። አምና ወንድ አያቷ ታመው ሳይዘራ ቀረ። ዘንድሮም ካለፈው ከእንግዲህ አይበቅልም። ነገ እሑድ ነው፣ አይዘራም፤ ሰኞ እረፍቱ አልቆ ሳቪ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቷ ትወርዳለች። አያቷ ደግሞ በዚያ ጉልበት ብቻቸውን አይችሉትም።

ቡኑን በሚባሉት የተራራ ሰዎች መንደር ለዘር ሲወጣ ሰው ካነጠሰ የዚያን ቀን መንገድ ተዘጋ ማለት ነው። ማንም ለምን አይልም።

አያቷ ተነሡ። ከረጢቱን አነገቱ።

«እጥሽ!» አለች ሳቪ።

«ይማርሽ፣ ልጄ።»

ቁጣ የለ፣ ጥያቄ የለ። ከረጢቱን አውርደው ተቀመጡና ያን ሁሉ ታግለው ያሰሩትን ክር ይፈቱ ጀመር።

የሳቪ ስልክ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። አላየችውም።

«አባባ...»

«ወዬ።»

«የውሸቴን ነው።»

«አውቄያለሁ። የእውነት ቢሆን ውሻው ይነቃ ነበር።» ውሻው ደረጃው ሥር ተጋድሞ ያንኮራፋል።

«ታዲያ ጫማዎን ለምን ይፈታሉ?»

«ልቡ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ይዤ ለዘር አልወጣም። ዳጉሳ ይሰማል፤ ይቀየማልም። አያትሽ እንኳ የተኳረፍን ለት ማሳው ድርሽ አትልም ነበር።» ሳቅ አሉ። «ግድ የለም፣ ሂጂ ተጫወቺ። ለዘሩ እግዜር ያውቃል።»

ሳቪ ስልኳን አወጣችና «ዛሬ አልችልም፤ ዘር አለን» ብላ ለፑኒ ጻፈች። ከዚያ ተንበርክካ የአያቷን ክር ጥብቅ አድርጋ አሰረች።

አጥሩ ጋ ሲደርሱ ከከረጢቱ አቧራ ቡን አለና አፍንጫዋን በላት። የእውነቱ ማነጠስ መጣ! ዓይኗ እንባ አቀረረ። አያቷ ቀጥ ብለው ቆሙና፣ ምንም እንዳላዩ ሁሉ፣ ተራራውን መመልከት ጀመሩ።

ሳቪ አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ጥርቅም አድርጋ ያዘች።

«እንሂድ፣ አባባ» አለች፣ ሳትለቅ።