የጀላልዲን ሳህን

ጀላልዲን ከወንበሩ ወደ ፊት ሲደፋ ደራሲው ዘርትሁን አዲሱን የወንጀል ልቦለዱን ለአድናቂዎቹ እያነበበ ነበር። ደራሲው ቀና ያለው አንቀጹን ከጨረሰ በኋላ ነው።

የካውንቲው ፖሊስ መርማሪ ዛኪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ወዳለው አዳራሽ ስትደርስ ሬሳው ተሸፍኗል። ምግብ ያዘጋጀችው ሃኒ በካቴና ታስራ ቆማለች፤ ታኮማ ፓርክ ካለው ቤቷ ሁለት ልጆች ይጠብቋታል። ሟቹ ከንባቡ በፊት ከበላው ጥብስ ውስጥ መርዝ ተገኝቷል። ሳህኑ ላይ «ሐላል፤ ለጀላልዲን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

ሃኒ ሳህኑን አላመጣሁም አለች። የንባቡ አዘጋጅ አሥራት ሃኒ ያመጣችው መስሎት ነበር። ምግቡ ወደተቀመጠበት ጓዳ ከሁለቱና ከደራሲው በቀር የገባ የለም።

ዛኪያ የሃኒን ድስቶች እየከፈተች አየች። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት።

«ሁሉም የጾም ነው?»

«ሁዳዴ አይደል እንዴ፣ እህቴ።»

ቀጥላ አሥራትን ለብቻው አነጋገረችው። ጀላልዲን ራቅ ካለው ላንድማርክ ሰፈር እየነዳ እየመጣ አንድም ንባብ እንደማያመልጠው ነገራት። ባለፉት ሦስት መጻሕፍት ደራሲው ገና ሲያነብ እጁን አውጥቶ የታሪኩን ገዳይ ይናገር ነበር፤ አንዴም አልሳተም። አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል።

«ጋሽ ዘርትሁንስ ይስቁ ነበር?»

«ጥርሳቸውማ ይስቃል።»

«ዛሬ ያመጣሃቸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ክሪስታል ሲቲ ካለው ሆቴላቸው ፒክ አደረግኋቸው። በርገር ይገምጣሉ፤ በሁዳዴ! እኔ አፈርኩላቸው፣ እሳቸው ምን ገዷቸው።»

ዛኪያ ሁሉንም ወደ አዳራሹ ጠራች።

«ልጄ፣ ወጥ የሠራችው እዚሁ ቆማለች» አለ ዘርትሁን። «ይኼ ምን ያመራምራል?»

«እኔም ሙስሊም ነኝ» አለች ዛኪያ። «ደሴ ሳለን ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር የማንበላው የታረደ ነገር ብቻ ነበር። በጾማቸው ግን አንድ ትሪ ከበን እንበላለን። የዛሬው ምግብ ሁሉ የጾም ነው። ጀላልዲን የተለየ ሳህን አያስፈልገውም፤ ሃኒ ስላበሰለችው፣ አሥራት ስላዘዘው ይኼን ያውቃሉ። ሃኒ መግደል ብትፈልግ ሽሮ ጨልፋ ትሰጠው ነበር፤ በጾም ገበታ ላይ ጥብስ አስቀምጣ ዓይን አትስብም። ሳህኑን ያዘጋጀው፣ ገበታው በክርስቲያን ሥጋ ይሞላል ብሎ ያሰበ ሰው ነው። ድስቶቹ ተከድነው ስለነበር ስህተቱን አላየም። ከሦስታችሁ ሁዳዴ መሆኑን ሳያውቅ ዛሬ በርገር የበላው አንድ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ ደራሲው ዞረ።

«የሆቴል ክፍልዎ እየተፈተሸ ነው፣ ጋሽ ዘርትሁን።»

ዘርትሁን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ድምፁ አልተለወጠም።

«አምስት ዓመት የለፋሁበት መጽሐፍ ነው። ለአራተኛ ጊዜ መሳቂያ አልሆንም።»

የሃኒን ካቴና ፈትተው ለእሱ አጠለቁለት። ሃኒ እጇን እያሻሸች ፊቱ ቆመች።

«እኔ ታስሬ ስወጣ ዝም ብለው ሊያዩ ነበር አይደል?»

ዘርትሁን እጁ ላይ ያለውን ካቴና ተመለከተ።

«ጀላልዲን እጁን ሲታጠብ አውርተን ነበር። መጽሐፉን በር ላይ ገዝቶ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብቦታል። ገዳዩ ባልየው ነው አለኝ።»

የዘርትሁን ፊት አመድ መሰለ። ሃኒ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ምነው? ስቷል እንዴ?»

በመጽሐፉ ውስጥ ገዳይዋ እኅትየዋ ነበረች።