የቀኙ ስፒከር ሽቦ

ሟቹ በሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች መካከል በግንባሩ ተደፍቷል፤ ፒያኖው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይንቆረቆር ነበር። በዘጠኝ ሰዓት ሬሳውን ያገኘችው ሚስቱ ጮኻ ስትወጣ ማጥፋቱ ትዝ አላላትም።

«ዝጋልኝ እባክህ፤ ሰው ሞቶ!» አለች መርማሪዋ።

ሃምሳ አለቃው ዘጋው። ሟቹ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነበር። ክፍሉን ለሙዚቃ ብቻ ነው ያሰራው፤ መስኮት የለውም፣ ግድግዳው ምንጣፍ ለብሷል፣ በሩ በወፍራም ስፖንጅ ተለብዷል። መሃል ላይ አንድ ወንበር ብቻ አለ። የተመታው ከኋላ ሲሆን፣ አጠገቡ ሁለት ጡብ የሚመዝን የአምፕሊፋየር ትራንስፎርመር ወድቋል።

ለሃምሳ አለቃው ነገሩ አልቋል። «ትራንስፎርመሩን ጠዋት ያመጣው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ከእሱ በቀር የማንም አሻራ የለበትም። ሰባት ሰዓት ላይ ደግሞ ጎረቤት እስኪሰማ ተጨቃጭቀዋል። በምን እንደሆነ ስጠይቀው አፉን ዘጋ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል፣ ይዤው እሄዳለሁ።»

«እስከ አስራ አንድ ሰዓት የእኔ ነው» አለች። ቶሎ ያለቀ ነገር አይዋጥላትም፤ በዚህ ጠባይዋ ብዙ አለቆቿን አስመርራለች።

ጠጋኙ እጁን በካቴና ታስሮ ኩሽና ውስጥ ተቀምጧል። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል።

«ዝም ካልክ ዕድሜ ልክህን እስር ቤት ነው የምትጨርሰው። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ በሰላም ተለያየን። ጭቅጭቁ ግን የሰው ገመና ነው፤ አላወጣም።»

ሚስትየዋ ጣልቃ ገባች። «ልጄ፣ ይሄ ልጅ እኔ እጅ ላይ ነው ያደገው። ወንድሙን እንደ አባቱ ነበር የሚያየው። ማሩልኝ፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን አልጣ!»

«እትዬ፣ ባለቤትዎን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ስምንት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው። ግቢ ወጥቶ የልብስ ማስጫ ሽቦዬን በፒንሳ ቆርጦ ገባ! ያጠብኩት ልብስ ሁሉ መሬት ወደቀ። ብጮህበት ‹እገዛልሻለሁ› ብሎ ሄደ። እኔም ተናድጄ ጎረቤት ተቀመጥኩ።»

ቀጥሎ ኬብል ነጋዴው ቀረበ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሚስትየዋ ጋር እኩል በር ላይ የደረሰ፣ ላቡን እየደጋገመ የሚጠርግ ወፍራም ሰው ነው።

«ጠዋት ደውሎ ‹ውድ ኬብልና ርካሽ ሽቦ ልዩነት እንደሌላቸው በፈተና አሳያችኋለሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዳትቀር› አለኝ።»

«ታዲያ ሱቅዎን የሚያዘጋ ወሬ ነዋ!»

«እውነቱን ልንገርሽ? እኔ ራሴ ልዩነቱ ተሰምቶኝ አያውቅም። የሚሰማው ይገዛል፣ እኔ እሸጣለሁ። ሰው ማመን ከፈለገ ማን ያስጥለዋል?»

የመጨረሻው፣ ወዳጆቹ «ጆሮ» የሚሉት የሙዚቃ ሃያሲ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሟቹ ጓደኛ ነው። የትኛው ኬብል እንዴት እንደሚዘፍን በመጽሔት ይጽፋል፣ በሬዲዮ ይተነትናል፤ ሰውም እሱን ሳይጠይቅ ዕቃ አይገዛም። ሽክ ብሎ ለብሶ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

«ስምንት ሰዓት ላይ መጣሁ፣ የግቢው በር ክፍት ነበር። የሙዚቃ ክፍሉን በር ባንኳኳም አልከፈተም፤ ሙዚቃ ሲሰማ እንዲህ ነው። ኮሪደሩ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቄ ሄድኩ፤ ክፍሉ ውስጥ አልገባሁም።»

«በዚያ ወፍራም በር በኩል የሚሰማ ነገር አለ ጋሼ?»

«ለሌላው ሰው ጉርምርምታ ነው። ለእኔ ግን…» ዓይኑን ጨፈነ። «ግራው ስፒከር ይተነፍሳል፤ ቀኙ ታፍኗል። ከቀኙ ላይ የብሩን ኬብል ነቅሎ የማይረባ ሽቦ እንደገጠመበት እዚያው ቁጭ ብዬ አወቅሁ።»

መርማሪዋ ቃል በቃል ጻፈችው።

ከዚያ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። የሁለቱም ስፒከሮች ጀርባ፣ ማንም ገመዱን አይቶ እንዳይፈርድ፣ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል። የግራውን ገለጠች፤ አውራ ጣት የሚያክል የብር ኬብል ተገጥሞበታል። የቀኙን ገለጠች፤ የዛገ የልብስ ማስጫ ሽቦ።

«እውነትም ሰምቷል!» አለ ሃምሳ አለቃው አፉን ይዞ። «ይሄ ምን ዓይነት ጆሮ ነው?»

እሷ የቀኙን ጨርቅ ገልብጣ ጥጉን በጣቷ ዳሰሰች። አንድ ቦታ ላይ ደርቆ ጠንክሯል። ቀጥላ ሃምሳ አለቃውን ሙዚቃ አስከፍታ፣ በሩን አስዘጋችና ኮሪደሩ ላይ ብዙ ደቂቃ ተቀመጠች።

አስር ሰዓት ተኩል ሲሆን አራቱንም እዚያው ኮሪደር ላይ ሰበሰበቻቸው። ሃምሳ አለቃው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ሙዚቃው ከስፖንጁ ማዶ ይጉረመረም ጀመር።

«ጋሼ፣ አሁንስ ቀኙ እንዴት ነው?»

ሃያሲው አንገቱን አዘነበለ።

«እንደ ቅድሙ ነው። ድምፁ ሻካራ፣ የታፈነ። ሽቦው አሁንም አለ።»

መርማሪዋ በሩን በረገደችው። ፒያኖው ከግራው ስፒከር ብቻ ይወጣ ነበር። የቀኙ ሽቦ ተነቅሎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

«ቀኙ ጭጭ ብሏል» አለች። «ከዚህ ሆነው ድምፅ ይኑረው አይኑረው መለየት ካልቻሉ፣ በምን ዓይነት ሽቦ እንደሚሠራ እንዴት ሰሙ? በአንድ በር በኩል የመጣ ድምፅ ግራና ቀኝ የለውም። እኔም ተቀምጬ ሞክሬዋለሁ።»

«ገመትኩ!» አለ ሃያሲው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሰው ቢገምት ሁለቱም ተለውጠዋል ይላል። አንዱን ብቻ መለወጥ የሟቹ የዛሬ ተንኮል ነው። ሽቦው የተቆረጠው ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ወንድምየው ከሄደ ግማሽ ሰዓት ሊሞላው ነው፣ እትዬ ለምን እንደተቆረጠ አያውቁም፣ ነጋዴው ገና አልመጣም።» ጥቁሩን ጨርቅ ዘረጋችው። «ከውስጥ በኩል ደም አለበት። ገዳዩ አሻራው እንዳያርፍ ትራንስፎርመሩን በዚህ ይዞ መታ፤ ከዚያ መልሶ ስፒከሩን አለበሰው። ጨርቁን ያነሳ ሰው ሽቦውን አይቷል። ያየውን ደግሞ ሰማሁ ብሎ ነገረኝ። ዝም ቢሉ ኖሮ ጋሼ፣ አላገኝዎትም ነበር። ግን ጆሮዎ እንዲናቅ አልፈለጉም።»

ሃያሲው ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ቁጭ አለ።

«ባለፈው ሳምንት አስር ጊዜ ፈተነኝ። አስር ጊዜ ልዩነቱን ተነተንኩለት። ዛሬ ጠርቶኝ ‹ኬብሉን አንድም ጊዜ አልለወጥኩትም ነበር› አለኝ። የዛሬውን ደግሞ አስሰማኝና ‹ምን ይመስልሃል?› አለ። አደነቅሁት። ጨርቁን ገልጦ የልብስ ሽቦ አሳየኝ። ይስቃል! ዘጠኝ ሰዓት ላይ የፈተናውን ውጤት የጻፈበትን ወረቀት ለሁሉም ሊያነብብኝ ነው። ዞር ሲል…» ጆሮውን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ያን ካነበበ በኋላ በምን ስም ልጽፍ ነው?»

«አያነብብህም ነበር» አለ ጠጋኙ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

«በሰባት ሰዓት የተጨቃጨቅነው ባንተ ነው። ‹የሠላሳ ዓመት ጓደኛህን ሰው ፊት አታዋርደው› ብዬ ጮህኩበት። በመጨረሻ እሺ አለኝና ወረቀቱን ፊቴ ቀዶ ጣለው። ‹ስምንት ሰዓት ላይ ለብቻው ጠርቼ እነግረዋለሁ፤ ለሌሎቹ ስሙን አላነሳም› አለ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» አለች መርማሪዋ።

«እሱን እንዳላሳፍረው ብዬ። ይገድለዋል ብዬ እንዴት ላስብ?»

ሃምሳ አለቃው የጠጋኙን ካቴና ፈታ። ሚስትየዋ የልጁን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ሃያሲው ፊት ቆመች። ትሰድበዋለች ብለው ጠብቀው ነበር፤ ድምፅዋ ግን ዝቅ ያለ ነበር።

«እሱ እኮ ቀድሞ ስቆ ነው ዋናውን የሚናገረው። ሠላሳ ዓመት ታውቀዋለህ። ምን ነበር እስኪጨርስ ብትሰማው?»

ውጭ መኪናው ሲቆም ሃያሲው ተነሥቶ ሁለት እጁን ለሃምሳ አለቃው ዘረጋ።