ያላስገባሁት ድምፅ

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ እመኑኝ፣ ጴንጤ ቤት ነው ያደግኩት፣ እናቴ ስለ መንፈስ የሚያወራ እንግዳ ከመጣ ቶሎ ወሬ ታስቀይር ነበር፣ ሥራዬም አዳማ ቁጭ ብዬ ለማሽኖች ፕሮግራም መጻፍ ነው፣ ያልጻፍኩለትን ማሽን አይሠራም፣ በቃ።

ባቱ አካባቢ ላለ አንድ የአበባ እርሻ መቆጣጠሪያ ሠርቼ ነበር፣ ተባይ ለመግደል መርዛማ ጋዝ በሚለቀቅበት መጋዘን ሰው በሩን ከከፈተ ሳይረን እንዲጮኽ። የድምፁን ክፍል ለብቻው ፋይል ላይ ጽፌ ከዋናው ፕሮግራም ጋር እንዲያያይዘው ኮምፒውተሩን አዘዝኩት፣ በአረንጓዴ «ተሳክቷል» አለኝ። ለካ ፋይሉን አላገኘውም፣ በቦታው ባዶ ነገር ተክቶ ነው ተሳካ ያለው። የፕሮግራሙ መጠን ማነሱን እኮ አይቼ ነበር፣ እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ይሄ ነው፣ አይቼ አለፍኩት፣ እርሻው ሄጄ ስተክለውም የመመለሻ መኪና እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ሳይረኑን አንዴ እንኳ ሳላስጮኽ «ተፈትሿል» ብዬ ፈረምኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጋዘኑ ኃላፊ አዴ ጫልቱ ደወሉልኝ። ጋዙ መለቀቁን ሳያውቁ በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን ሲያስገቡ ሳይረኑ ጮኸ፣ ደንግጠው ወጡ። «ገለቶሚ ልጄ፣ አመሰግናለሁ፣ ከሞት አወጣኸኝ» አሉኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ግን ከኋላቸው የነበረው ሠራተኛ ምንም አልሰማሁም ስላለ መጥቼ እንዳየው ለመኑኝ።

በማግስቱ ሄጄ ላፕቶፔን ሰካሁ፣ የድምፁ ክፍል መሣሪያው ውስጥ የለም። የሙከራውን ቁልፍ ተጫንኩ፣ ዝም። ደግሜ ተጫንኩ፣ የሚሰማው በመንገዱ የሚያልፍ ጋሪ ብቻ ነው። ያን ቀን እንዴት እንደጮኸ አዴ ጫልቱን ጠየቅኳቸው። በጣታቸው የብረቱን በር ሦስቴ ቶሎ ቶሎ አንኳኩ፣ ከዚያ በጥፍራቸው ረዘም አድርገው ጫሩት። ወገኖቼ፣ ሦስት አጭር አንድ ረጅም ያልኩት ላፕቶፔ ላይ በቀረው ፋይል ውስጥ ብቻ ነው፣ ለማንም አልተናገርኩም።

ፋይሉን አስገብቼ ከበሩ በላይ ያለውን ሳይረን አስጮኽኩት። አዳመጡና፣ «ድምፁስ እሱ ነው፣ ያን ቀን ግን ከውስጥ ነበር የሚመጣው» አሉ። ውስጥ ካርቶን ብቻ ነው ያለው። ጥፋቴን ልነግራቸው አፌን ስከፍት እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ይመርቁኝ ጀመር፣ እኔም አሜን አልኩ።

ባለፈው ወር በጠራራ ፀሐይ ደወሉ። «ልጄ፣ ቤቴም ተክለህልኛል እንዴ? ይጮኻል፣ ጎረቤቶቼ ግን አይሰሙም። ደጅ ቆሜያለሁ፣ ልግባ?»

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። «ለጊዜው አይግቡ» ብቻ አልኳቸው። አሁን እህታቸው ጋ ናቸው፣ መቼ ልመለስ እያሉ ይጠይቁኛል፣ እኔን ነው የሚጠይቁት።