ሰኞ ጠዋት በመረብ ማጠቢያው

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሣም ነበር። የሃያ ስምንት ዓመቱ ጎልማሳ በእርጥቡ ሲሚንቶ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ቀኝ መዳፉ ላይ ቀጭን የቃጠሎ መስመር ይታያል። ከበላዩ አንድ የመስኮት መረብ ግማሹ ማሽኑ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ ተሰክቷል።

ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ የገባችበትን ነገር ሳትበሳ አትወጣም።

ሟቹ የድርጅቱ ባለቤት አንድያ ልጅ ነው። ሥራቸው የመስኮት ጽዳት ነው። መስታወቱን በየሕንፃው ሄደው ያጸዳሉ፤ ለትንኝ መከላከያ የሚገጠሙትን መረቦች ግን ነቅለው፣ በየፍሬሙ ላይ ቁጥር ለጥፈው ወደዚህ ግቢ ያመጧቸዋል። ማጠቢያው ወገብ ድረስ የሚደርስ የብረት ሣጥን ነው። ውስጡ ሁለት ብሩሾች ፊት ለፊት ይሽከረከራሉ፤ ከላይ ውኃ ይረጫል። መረቡ በግራ በኩል አቧራውን ይዞ ይገባል፣ በቀኝ በኩል ነጽቶ ይወጣል።

«መጀመሪያ ያየው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ጸሐፊዋ። ዓይኖቿ ደም መስለዋል። «ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ቢሮ ሆኜ የማሽኑ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ድንገት አንድ ነገር ዱብ አለ። ሮጬ ስወጣ ወድቋል። ዋናውን ማብሪያ አጠፋሁና ነካሁት… የለም።»

«እግሩ ላይ ተራ ጫማ ነው ያለው። የጎማ ቦት የላችሁም?»

«ቦት! ስንለምን ዓመት አለፈን። መልሱ ሁልጊዜ ‹በሚቀጥለው ወር› ነው።»

«ግቢውን ማን ከፈተ?»

«እኔው ነኝ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ። በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ደረሰኞች ስለይ ነበር። ሌላ ሰው አልመጣም፤ እሱ ብቻ ነው ከአንድ ሰዓት በኋላ የመጣው።»

«ከዚያስ ለማን ደወልሽ?»

«ለአባቱ። ‹ጋሼ፣ ማሽኑ ሰው ገደለ!› አልኩት። ከዚያ በላይ አልወጣልኝም፤ እንባ አነቀኝ።»

«እሱ ምን አለ?»

ጸሐፊዋ ግንባሯን አሸች። «ደንግጦ ነው መሰል… ‹ወይኔ፣ ለሚስቱ ማን ይነግራታል?› አለና ዘጋው። ሲመጣም ቀስ ብሎ ነው የገባው። የልጁን ፊት ሲያይ ግን እንደ ተቆረጠ ዛፍ ወደቀ።»

መርማሪዋ በማስታወሻዋ ላይ አንድ መስመር ጻፈች።

የማሽኑን ክዳን የከፈተላት የሟቹ አጎት ነው፤ የባለቤቱ ታናሽ ወንድምና የድርጅቱ ጠጋኝ። ጎንበስ ብሎ አየና ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ይኼ አደጋ አይደለም። ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ ተቆርጧል። ይቺን ነጭ ሽቦ አዩዋት? ኤሌክትሪኩን ከሣጥኑ ብረት ጋር አገናኝታዋለች። ማሽኑ ሲበራ ሣጥኑ ሁሉ ገዳይ ይሆናል።»

«ቅዳሜ ከልጁ ጋር ተጣልተዋል አሉ።»

«ተጣልቻለሁ። መስታወት አጽጂዎቹ የሚንጠለጠሉባቸውን አሮጌ ገመዶቼን አንድ ሳያስቀር በመቀስ ቆራርጦ ጣለብኝ። ‹አንተ ሳትሞት አትማርም› አልኩት። ምላሴን በቆረጠው!»

«ለምን ቆራረጣቸው?»

አጎትየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። ከሁለት ወር በፊት አንዲት መስታወት አጽጂ ገመዷ ተበጥሶ ከአራተኛ ፎቅ ወድቃ ሞታለች። ድርጅቱ ለፖሊስ የሰጠው ቃል «ቀበቶዋን ሳትታጠቅ ወጣች» የሚል ነበር።

መርማሪዋ የክዳኑን ብሎኖች በጣቷ ዳሰሰች። ጭንቅላታቸው ተፋፍቋል፤ አንዱማ ለሁለት ሊከፈል ደርሷል።

«እነዚህን ከዛሬ በፊት የፈቷቸው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ?» አጎትየው ሐዘኑን ረስቶ ተቆጣ። «ይኼ በቢላዋ የተፈታ ነው። እኔ ሰላሳ ዓመት ብሎን ስፈታ አንድ አላበላሸሁም!»

«ሌላ ሰው መፍቻ ቢፈልግስ? የመሣሪያ ሣጥንዎ የት ያድራል?»

«ቤቴ። ቅዳሜ ከሰዓት ተሸክሜው እሄዳለሁ። እዚህ ካደረማ ሰኞ የማገኘው ሣጥኑን ብቻ ነው።»

ባለቤቱ ቢሮው ውስጥ ተቀምጧል። አያለቅስም፤ ፊቱ አመድ መስሏል። መርማሪዋ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ጠረጴዛው ላይ አቧራ ያልነካው ክብ ቦታ አለ፤ የመብራት መቆሚያ ልክ። መብራቱ ራሱ ግን ከሶኬቱ አጠገብ መስኮቱ ደፍ ላይ ቆሟል። ነጩ ገመዱ አንድ ክንድ አይሞላም።

«መረቦቹን የሚያጥበው ማነው?»

«መሰላል።»

ቁመቱ ነው ይህን ስም ያወጣለት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መስታወት ሲያጸዳ ኖሮ ጉልበቱ ሲታመም ከማሽኑ ጋር የቀረ ሠራተኛ ነው። ሌላ ሰው ማሽኑን ሲነካበት አይወድም፤ «ሚስትህን እንጂ እሱን አንነካብህም» እያሉ ይቀልዱበታል።

«ታዲያ ዛሬ ልጅዎ ለምን ሠራበት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!» ድምፁ ድንገት ተሰበረ። «እኔ ምን አውቃለሁ…»

እናትየው ኮሪደሩ ላይ ነበረች፤ በቤት ነጠላ ጫማ። መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ትናንት ልጅሽ ወደዚህ መጥቶ ነበር እህቴ?»

«አልመጣም። ውሎው ከእኔ ጋር ነበር፤ መጋረጃ ሲሰቅልልኝ ዋለ። የወጣው አባቱ ነው። ቢሮ ወረቀት ረሳሁ ብሎ ምሳውን ጥሎ ሄደ። ማታ ሲመጣ ‹እሁድ እንኳን አርፈህ ብትበላ ምናለ› አልኩት።»

መርማሪዋ ይህን አልጻፈችውም። የሴትዮዋን እጅ ጥቂት ይዛ ቆየች።

መሰላል እያነከሰ የገባው ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። ለክብር ቀን የሚለብሰውን ኮት ለብሷል።

«የት ነበሩ?»

«ዐቃቤ ሕግ ቢሮ። አንድ ሰዓት ላይ ልጁ ደወለልኝ። ‹ጋሼ፣ ረቡዕን አትጠብቅ፤ አባቴ ሐሳብህን ሳያስለውጥህ ዛሬውኑ ሂድና ስለ ገመዱ ቃልህን ስጥ። ማጠቢያውን እኔ እሸፍንልሃለሁ፤ ለማንም እንዳትናገር› አለኝ።»

«ረቡዕ ሊመሰክሩ እንደነበር ማን ያውቃል?»

«ለአባትየው፣ ለጋሼ ራሴ ነግሬዋለሁ፤ ዓርብ ዕለት። ከጀርባው አላደርገውም ብዬ።»

ስድስት ሰዓት ላይ መርማሪዋ ሁሉንም ማሽኑ አጠገብ ሰበሰበች። ለባለቤቱና ለሚስቱ ወንበር ተሰጣቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

«ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ መሰላል የመጨረሻውን መረብ ሲያጥቡ ማሽኑ ደህና ነበር» አለች። «ዛሬ ጠዋት ጸሐፊዋ ከከፈተች በኋላ ከሟቹ በቀር ወደ ማሽኑ የቀረበ የለም። ስለዚህ ወጥመዱ የተጠመደው ከዚያ በፊት ነው። ተራ የተቀያየሩት ግን አንድ ሰዓት ላይ፣ በስልክ ነው። ስልኮቹን አይቻለሁ። ያጠመደው ሰው ዛሬ ማሽኑ ላይ የሚቆመው ማን ነው ብሎ አሰበ?»

መሰላል ኮቱን ጨበጠ።

«እኔ ነኛ…» አለ።

«እርስዎ ነዎት። ልጁን የሚጠላ ስንፈልግ ብንውል አናገኝም፤ የታሰበው እሱ አይደለም። እርስዎም አላጠመዱትም፤ ወጥመዱ ሲጠመድ ዛሬ እንደሚቀሩ አያውቁም ነበርና።»

ወደ አጎትየው ዞረች። «እሳቸውም አይደሉም። ብሎኑ በቢላዋ ተፈልቅቋል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያበላሽም። ሠሪው መፍቻም ሽቦም አልነበረውም፤ ሣጥኑ ቤት ሄዷል። ስለዚህ ሽቦውን ከሌላ ቦታ ቆረጠ።»

አንዱ ፖሊስ የቢሮውን መብራት አምጥቶ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠው። መርማሪዋ ያጠረውን ገመድ ከመሰኪያው ፈታችና ከማሽኑ የወጣችውን ነጭ ቁራጭ አጠገቡ ዘረጋች። የሁለቱ ውፍረት አንድ ነው፤ ጥርስ የበዛበት አቆራረጣቸውም ገጠመ።

«ቁልፍ ያለው ሰው ሁሉ ቢሮው ይገባል!» አለ ባለቤቱ።

«ይገባል። ግን ጸሐፊዋ ‹ማሽኑ ሰው ገደለ› ስትልዎ የማንን ስም ነገረችዎ?»

«አላስታውስም።»

«ስም አልጠራችም። እርስዎ ግን ‹ለሚስቱ ማን ይነግራታል?› አሉ። ልጅዎ ሚስት የለውም። የሞተው ማን እንደሆነ ሳይነገርዎ ያወቁ መስሎዎት ነበር። ምክንያቱም ትናንት ምሳዎን ጥለው መጥተው ያጠመዱት እርስዎ ነዎት። ጋሼ መሰላል ቢመሰክሩ ገመዱ እንዳለቀ ሦስት ጊዜ ነግረውዎት ያቺን መስታወት አጽጂ ፎቅ ላይ እንዳወጧት ይታወቃል፤ እስር ቤት ይጠብቅዎታል።»

እናትየው ከወንበሯ ተነሣች። ትናንት የባሏን መውጣት የተናገረችው እሷው ነበረች።

«ለማስፈራራት ነበር…» አለ ባለቤቱ።

«በውኃና በኤሌክትሪክ ሰው አይፈራም፤ ይሞታል።»

ሰውየው ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ። «ምነው ልጄ! ምነው አንድ ቃል ቢነግረኝ!»

«ነግሮህ ነበር» አለ አጎትየው፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ። «‹እውነቱን ተናገር አባዬ› ብሎ እግርህ ላይ ሲወድቅ እዚያው ቆሜ አይቻለሁ። በእግርህ ገፋኸው። እኔም ዝም አልኩ።»

ፖሊሶቹ ቀረቡ። ካቴናው ሲዘጋ ባለቤቱ ወደ ሚስቱ ቀና አለ። እሷ ግን መሰላልን ነበር የምታየው። ረጅሙ ሰው ወገቡ ታጥፎ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል።

«ቃልህን ጨርሰህ ነው የመጣኸው?» አለችው።

«አልጨረስኩም እትዬ። ሲደወልልኝ አቋርጬ ነው የወጣሁት።»

«ሂድና ጨርስ።»

«ቀብሩስ? እንዴት ብዬ…»

«ቀብሩ ነገ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ሳይዘጋ ሂድ። ልጄ እዚያ ልኮህ ነው እዚህ የሞተው።»

መሰላል ዓይኑን በኮቱ እጅጌ ጠረገ። መርማሪዋ በሩን ከፈተችለት፤ እያነከሰ ወጣ።