ቁራዎቹ የሚያውቁት ፊት

ቲቸር የተቀረጸውን ድምፅ ከፍ ሲያደርጉት ሚጢጢ ሳታስበው ጭንቅላቷን በእጆቿ ሸፈነች።

ቲቸር የወፍ ክበቡን የሚመሩት የባዮሎጂ መምህር ናቸው። ዛሬ ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸዋል። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያሉት ቁራዎች ጩኸት ከሌላው ሰፈር ቁራ ጋር ጨርሶ አይመሳሰልም። በመልክ አንድ የሚመስሉ ወፎች በድምፃቸው ተለይተው ሌላ ዝርያ የተባሉበት ጊዜ አለና፣ ቀረጻውን ዛሬውኑ ለአጥኚዎች ሊልኩት ነው።

ሚጢጢ ግን ጩኸቱን ታውቀዋለች። ባለፈው ወር ከጎጆው የወደቀ የቁራ ጫጩት አንስታ ልትመልሰው ስትል እጇ ላይ ሞተባት። ወላጆቹ አዩዋት። ከዚያ ወዲህ ልብስ ብትቀይር፣ ሰው መሃል ብትገባ፣ እሷን ለይተው ይጮኹባታል። አንዱማ ግንባሯን ቧጭሮ አድምቷታል፤ ለእናቷ ሽቦ ነው ብላ ዋሸች። ድምፁ ሲቀረጽ ደግሞ መቅረጫውን ይዛ ዛፉ ሥር የቆመችው እሷው ነበረች፤ ልዩ የተባለው ጩኸት በእሷ ላይ የተቆጡበት ነው።

ይህን የምታውቀው ጓደኛዋ ራዲዮ ብቻ ናት። ስሙ የወጣላት ወሬ ስለማታቋርጥ ነው፤ አሁን ግን በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«ባክሽ ዝም በይ። አሳዪኝ ቢሉሽስ? እዛ ዛፍ ሥር ልትቆሚ ነው?»

ሚጢጢም የፈራችው ይህንኑ ነው። ዝም ብትል ግን ቲቸር አጥኚዎቹ ፊት መሳቂያ ይሆናሉ።

«ቲቸር፣ አይላኩት» አለች። ጫጩቱንም ግንባሯንም ነገረቻቸው።

ቲቸር ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚያ መቅረጫውን ይዘው ብቻቸውን ወጥተው ዛፉ ሥር ቆሙ። ልጆቹ በመስኮት አዩዋቸው። ቁራዎቹ ከዛፉ ላይ አንዴ ሁለቴ ቋ ቋ ብለው፣ እንደማንኛውም ሰፈር ቁራ ላባቸውን ማበጠር ቀጠሉ።

ቲቸር ወደ መስኮቱ መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ዛሬ ጠግበው ይሆናላ» አሉ፤ ራሳቸውም ያመኑት አይመስሉም። «አንቺን ግን ውጪ አልልሽም፣ ልጄ።»

ሚጢጢ ዛፉን አየች። ግንባሯ ላይ ያለው ጠባሳ የሚያሳክካት መሰላት። ራዲዮ ክንዷን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት። ሚጢጢ ቀስ ብላ አስለቀቀቻትና በሩን ከፈተች።

«ይቅረጹት፣ ቲቸር» አለች።

ዛፉ ላይ አንዱ ቁራ አንገቱን ወደ እሷ አዞረ።