ከሏን ያወለቀችው ቮልስ

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ያየሁትን አይቻለሁ። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

ሐምሌ ነው። ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ቦታው መቱ፣ ከቤታችን ጓሮ ያለው የባለቤቴ ጋራዥ።

ጨለማ አልነበረም። የመቱን ሐምሌ ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፣ ሰማዩ ዝቅ ይላል... ግን ቀን ነበር። የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማኝ ነበር።

ስሜ ቢሊሴ ነው። ቀናተኛ ነኝ። ይህንን ከሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት።

ባለቤቴ ሌንጮ ባትላሜራ ነው፤ የተጨፈለቀ መኪና ያቃናል። ከእኔ በፊት ሚስት ነበረችው። ኢብሴ ትባላለች፣ ታማ ሞተች። በአካል አላውቃትም። ግን ሌንጮን ካገባሁ ወዲህ ስሟን ያልሰማሁበት ቀን የለም።

"ኢብሴ ወጡን ቀጠን ታደርገው ነበር..."

"ኢብሴ ይሄን ዘፈን ስትወደው..."

በሕይወት ያለች ውሽማ ብትሆን ጸጉሯን ይዤ እጎትታት ነበር። የሞተች ሴት በየት በኩል ትያዛለች?

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ደግሞ ቮልሷ ነበረች። አሮጌ፣ ጀርባዋ ክብ የሆነ ቮልስ። ሌንጮና ኢብሴ እሑድ እሑድ ወደ ጎሬ የሚንሸራሸሩባት። ኢብሴ ስትሞት ይሄ ሰውዬ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የመኪናዋን ኒኬል በሙሉ ነቀለው። በጎንና በጎን የሚሄደውን ቀጭን መስመር፣ የኮፈኑን ጌጥ፣ የበር እጀታዎቹን፣ ስፖኪዮዎቹን... ሴት ሐዘን ስትቀመጥ ወርቋን እንደምታወልቀው። ሁሉንም በኢብሴ ጥቁር ሻሽ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ከተተው።

ከል አለበሳት ማለት ነው።

መኪናን!

አምና ነው የተሸፈነችበትን ሸራ ገፎ ላድሳት ያለኝ። ደስ አለኝ፤ ረሳት ማለት ነው ብዬ። ዝገቱን ቆረጠ፣ ስቱኮ ሞላ፣ እኔ ደግሞ ጥፍሬ እስኪያልቅ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ። ክሬም ቀለም ተቀባች። የቀረው ኒኬሉን መልሶ መግጠም ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ኖፓ ሠርግ ነበረብን። እኔም የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በዚያች ቮልስ፣ ከባሌ ጎን፣ የኢብሴ ወንበር ላይ ተቀምጬ ኖፓ መግባት። ሰው ሁሉ እንዲያየኝ። የሌንጮ ሚስት እኔ መሆኔን አንድ ጊዜ እንኳ ሰው እንዲያውቅልኝ።

ሌንጮ እምቢ አለ።

"ኒኬሉን የምትጀምረው ተጂቱ ናት" አለኝ።

ተጂቱ የኢብሴ ታላቅ እህት ናት፤ ኡካ ነው የምትኖረው። በእነሱ ቤተሰብ ከል የሚያስወልቀው የሟች ወገን ነው። ጥቁሩን በገዛ እጃቸው ያወልቁታል፤ ሟችም ያኔ ተሰናብታ ትሄዳለች ይላሉ።

"እሑድ ትመጣለች።"

"ሠርጉ ቅዳሜ ነው፣ ሌንጮ።"

"እሑድ አልኩ እኮ።"

ደሜ ፈላ። የሞተችው አንሶ እህቷንም ደጅ ልጥና?

ሐሙስ ዕለት ሌንጮ የበር ጎማ ልግዛ ብሎ በባጃጅ ወደ ገበያ ወጣ። እኔም ምሳውን ጠረጴዛ ላይ ከድኜ በቀጥታ ወደ ሳጥኑ ሄድኩ።

ሥራውን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ክሊፑ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፤ ከሥሩ ውኃ እንዳያስገባ ትንሽ ጎማ አለው። ከዚያ ኒኬሉን ከመሃል ጀምሮ በመዳፍ መጫን ነው። በመዶሻ አይሆንም፣ ይጎረብጣል። ሲይዝ ጠቅ ይላል።

በሹፌሩ በኩል ጀመርኩ።

ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ።

እንደ ቅቤ ገባ። ዘፈን ሁሉ አንጎራጎርኩ።

ከዚያ ዞሬ ወደ ኢብሴ በኩል መጣሁ። ኒኬሉን አስጠጋሁ። መዳፌን አነሳሁ...

ጠቅ።

ገና አልተጫንኩም ነበር።

እጄ አየር ላይ እንዳለ ኒኬሉን አየሁት። ከቀጣዩ ክሊፕ ጋር ደግሞ ራሱ ጠቅ አለ። ከዚያም የሚቀጥለው። ከውስጥ በኩል የሆነ ሰው ይዞ እየሳበው ይመስል ነበር።

"ሌንጮ?" አልኩ።

ዝናብ ብቻ።

ክሊፑ ጠንካራ ስለሆነ ነው አልኩና ጨርቅ አንስቼ መወልወል ጀመርኩ። ኒኬሉ ሁለት ጣት ቢያህል ነው፤ ግን እንደ መስታወት ያሳያል። የጋራዡ በር ታየኝ። ዝናቡ ታየኝ። የለበስኩት አረንጓዴ ቀሚስ ታየኝ።

ከአረንጓዴው አጠገብ ጥቁር ነገር ነበር።

ዞርኩ። ማንም የለም።

ተመልሼ አየሁ። ጥቁሩ አለ... አሁን ደግሞ ቀረብ ብሏል።

እዚህ ላይ ሌላ ሴት ብትሆን ትሮጥ ነበር። እኔ ግን ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ቅናት። "እዚህም መጣሽብኝ?" አልኩኝ በሆዴ፣ ይበልጥ ወለወልኩ።

ያኔ ነው ከጆሮዬ ሥር የሰማሁት።

"ሱታ..."

ቀስ በይ ማለቷ ነው። የሴት ድምፅ፣ ሹክሹክታ። የሚያዝ ድምፅ አልነበረም። የሚለምን ነበር... ቀለሙ እንዳይጫር እንደሚሳሳ ሰው።

እጀታዎቹንና የኮፈኑን ጌጥ አሰርኩ። አንድ ስፖኪዮ ቀረ። በካቻቢቴ አጠበቅኩትና ልክ መሆኑን ለማየት የሹፌሩ ቦታ ገብቼ ተቀመጥኩ። ከኋላ ያለው በር መታየት ነበረበት።

የታየኝ አጠገቤ ያለው ወንበር ነው።

ወርጄ አስተካከልኩት። ተመልሼ ተቀመጥኩ። አሁንም ወንበሩን ነው የሚያሳየው። ዓይኔን ወደ ወንበሩ መለስኩ። አዲስ ስፖንጅ ነው የተሞላው፣ ማንም አልተቀመጠበትም። መሃሉ ግን ሰርጎድ ብሏል።

እየተንደረደርኩ ወጣሁ።

በሩ ላይ ሌንጮ ቆሟል። ርሷል። የገዛውን ጎማ በእጁ ይዟል፣ መኪናዋን ያያል።

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸም። ፈገግ አለ። በትዳራችን እንዲህ ያለ ፈገግታ አይቼበት አላውቅም።

"አለቀ?" አለ በቀስታ።

"አለቀ" አልኩ።

"እንሂዳ።"

ፍርሃቴ ሁሉ ጠፋ። ጠራኝ እኮ! ለእኔ ነው የሳቀው! ሹፌሩ ቦታ ገባ፣ ሞተሩን አስነሳ። እኔ ዞሬ የራሴን በር ያዝኩ።

አልከፈት አለኝ።

ጎተትኩ። ደግሜ ጎተትኩ። መስታወቱን አንኳኳሁ።

"ሌንጮ! ክፈትልኝ!"

አላየኝም። ወደ ባዶው ወንበር ዞሮ የሆነ ነገር እያወራ ይስቃል። በእኔ በኩል ያለው መስታወት ብቻ ከውስጥ ጉም ለበሰ... እንደገና ለበሰ... ሰው እንደሚተነፍስበት።

መኪናዋ ወጥታ ሄደች።

ዝናብ ላይ ቆሜ ለተጂቱ ደወልኩ።

"እትዬ ተጂቱ... ኒኬሉ ተገጠመ።"

"ማን ገጠመው?"

"እኔ።"

"በእጅሽ?" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"በእጄ።"

"ዋቃዮ...! በእኛ እጅ ቢሆን ትሄድ ነበር እኮ፣ ቢሊሴ። አንቺ የቤቱ ሚስት ነሽ። አንቺ ከሏን ካወለቅሽላት ቦታሽን..."

አልጨረሰችውም። ስልኩ ተዘጋ።

በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ቮልሷ ስትመለስ ዝናቡ አልቆመም ነበር። ሌንጮ ወረደ። በፊት በኩል ዞረና በሩን ከፈተ... ለእኔ አንድ ቀን ከፍቶልኝ አያውቅም... ሰው እስኪወርድ እንደሚጠብቅ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ዘጋው። ጃኬቱን አውልቆ ከጎኑ ላለው አየር ዝናብ እየጋረደ ወደ በረንዳው መጣ።

አየኝ። ቆም አለ።

"እህት፣ ማንን ፈልገው ነው?" አለኝ።

ሳቅ አመለጠኝ። "ሌንጮ፣ ቀልዱን ተው።"

ቅንድቡን ሰበሰበ። "ስሜን ከየት አወቁት?"

ፊቱን አየሁት። ባሌን አውቀዋለሁ፤ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። ጆሮው አልቀላም። ጨዋ ሰው እንግዳን እንደሚያይ ነው የሚያየኝ፣ በአዘኔታ።

"በስብሰዋል፤ ይግቡ" አለኝ። "ዝናቡ እስኪያባራ አረፍ ይበሉ።"

የገዛ ቤቴ ገባሁ። በሩ ሥር ያለችውን ትንሿን ዱካ አስጠጋልኝ። ምን ብዬ ልከራከር? ዱካዋ ላይ ተቀመጥኩ።

እኔ ከድኜ የሄድኩትን ምሳ ከፈተው። የእኔን ወንበር ሳበና ሰው እንደሚያስቀምጥ ቀስ አድርጎ አስጠጋው። ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

"እንብላ" አለኝ፣ ለወጉ። አንገቴን ነቀነቅኩ።

እንጀራውን ቆረሰ። ወጡን ጠቀለለ፣ ትልቅ አድርጎ፣ በሁለት እጁ አሳምሮ። በስስት እየሳቀ ጉርሻውን ወደ ባዶው ወንበር ዘረጋ።

እኔን አጉርሶኝ አያውቅም። በሠርጋችን ቀን እንኳ ሰው ፊት አፍራለሁ ብሎ ነው የተወው።

"አንድ ብቻ" አለ በሹክሹክታ። "ለእኔ ስትይ።"

እጁ አየር ላይ ትንሽ ቆየ።

ከዚያ ባዶውን ተመለሰ።