ወራጅ ያለበት ባቡር

«ወራጅ አለ!»

ድምፁ ከኋላኛው ፉርጎ ሲመጣ ሰልዋ ማይክሮፎኑን ከአፏ አራቀችና ዓይኗን ጨፈነች። ቱሪስት የሚጭን ባቡር ላይ ወራጅ አለ የሚባለው ከአዲስ አበባ ሌላ የት ይሆን?

ባቡር መባሉም ለወጉ ነው እንጂ ሐዲድ የለውም። እንደ ባቡር ራስ የተሠራ መኪና ሦስት ክፍት ፉርጎ በጎማ ይጎትታል። የአስጎብኚው ድርጅት ባለቤት ያመጣው ከአንድ የግሪክ ወደብ ነው፤ እዚያ ከመርከብ ለጥቂት ሰዓት የሚወርዱ መንገደኞችን ከተማ ሲያዞር የኖረ ነው አሉ። እዚህ ደግሞ ቦሌ ላይ አውሮፕላን እስኪቀይሩ የሚጠብቁትን ትራንዚቶች ይዞ፣ በመገናኛ አድርጎ፣ ሾላ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። በጎኑ ያለው የግሪክ ጽሑፍ እንኳ አልተፋቀም።

ሾፌሩ ሐሩን ዕድሜውን ሚኒባስ ላይ የፈጀ ሰው ነው። እጅ ከተዘረጋለት ይቆማል። ያ ሁሉ የሰፈር ሰው ከነዘንቢሉ ፈረንጅ አጠገብ ተቀምጦ ይሄዳል። ሰልዋ አስጎብኚ ናትና አውሮፕላን ያመለጠው መንገደኛ የሚጮኸው በእሷ ላይ ነው።

የተዋወቁትም በዚሁ ጠብ ነው። የመጀመሪያ ቀን አንዲት እናት ሲያሳፍር «ይሄ ታክሲ አይደለም!» ብላ ጮኸችበት። በመስታወቱ አያትና «ታዲያ ባዶ ወንበር ይዘን እንለፋቸው?» አላት። በጣም ተናደደች። ቤቷ ከገባች በኋላ ግን ያ በመስታወት ያየችው ዓይን ከፊቷ አልጠፋ አለ።

እያደር ጠቡ ወደ ሳቅ፣ ሳቁም ወደ ዝምታ ተለወጠ። አንድ ዝናባማ ቀን ፉርጎው ውስጥ ተጠልለው ሳሉ እንደሚወዳት ነገራት። እሷም «ከወደድከኝ ሽማግሌ ላክ» አለችው። «እልካለሁ» አላት።

ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አላለም። እንደ ድሮው በመስታወት እንኳ አያያትም። «ደህና አደርሽ» ይላል፣ ይነዳል፤ ደህና አደርሽ ብቻ! ይህ በእንዲህ እንዳለ የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ቤተሰብ ለልጁ ሽማግሌ ላከባት። ሾላ ቅመም የሚነግደው አባቷ ሱሌማን ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ለሚ ኩራ፣ ኮንዶሚኒየም ቤቱ ውስጥ፣ መልስ ሊሰጣቸው ነው። ጠዋት ጠርቷት «የምትጠብቂው ሰው ካለ ዛሬውኑ ይምጣ። ከሌለ እሺ እላቸዋለሁ» ብሏታል።

መገናኛ ሲደርሱ መንገዱ ተዘጋጋ። ሰልዋ ማይክሮፎኑን አጥፍታ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች።

«ሐሩን፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አለና ፈገግ አለ።

«ታውቃለህና ትስቃለህ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? መልስ እስኪመጣ ከልጅቷ ጋር ነገሩን እንዳታነሳ፣ ነውር ነው ብለው አጎቴ አስምለውኛል። አፌን ይዤ ልፈነዳ ነው።»

«የምን መልስ?»

ሳይመልስላት ስልኩ ጮኸ። የአጎቱ የሐጂ ኑሪ ድምፅ በስፒከሩ ሞላ።

«ሐሩን! እንኳን ደስ አለህ! ሱሌማን ደውለው እሺ ብለዋል!»

«አልሐምዱሊላህ!» ሐሩን ጡሩንባውን ነፋው። ትራንዚቶቹ የጉብኝቱ አካል መስሏቸው አጨበጨቡ።

«የቱ ሱሌማን?» አለች ሰልዋ።

«አባትሽ ነዋ!»

«አባቴ የእናንተን ሽማግሌ በዓይኑም አላየ!»

«እንዴት አላየም?» አሉ ሐጂ ኑሪ በስልኩ። «ለሚ ኩራ ሄደን፣ ጥበቃውን የቅመም ነጋዴው ሱሌማን ቤት የቱ ነው ብለን፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተን...»

«እኛ እኮ ምድር ላይ ነን!»

«ምድር ላይ?» አሉ ሐጂ ኑሪ።

«የላይኛው ሱሌማንም ቅመም ነው የሚነግደው» አለች። «ልጁ ራህማ ትባላለች። የእኔን ስም አልጠራችሁም?»

«በመጀመሪያ ቀን የሰው ሴት ልጅ ስም ይጠራል እንዴ? ልጅዎን ለልጃችን አልን። እሳቸውም ልጅ አላቸው! ያ ረቢ፣ ፊቴን የት ላግባው?»

ሰልዋ ልትጮህ ወደ ሐሩን ዞረችና ተወችው። ልኳል። ያን ሁሉ ጊዜ ፈሪ፣ ቃል አባይ እያለች በሆዷ ስትሰድበው፣ እሱ ልኮ እየጠበቀ ነበር። ደስታም ንዴትም አንድ ላይ መጡባትና እንባዋን ጠረገች።

«ሐጂ፣ አሁኑኑ ሾላ ይምጡልን!» አለ ሐሩን።

«አገር ቤት፣ ወራቤ ነኝ እኮ ልጄ። ሽማግሌዎቹም አብረውኝ ናቸው።»

ሐሩን መሪው ላይ ግንባሩን ደፋ። «በዚህ ሰዓት ሽማግሌ ከየት ላምጣ?»

«ወራጅ አለ!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

ሰልዋ ዞረች። ጋሽ ተስፋልደት ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በየቀኑ ቦሌ ተሳፍረው መገናኛ የሚወርዱ፣ እሷም በየቀኑ የምትቆጣቸው ሽማግሌ። ነጭ ፀጉራቸውን፣ ከዘራቸውን፣ የተተኮሰ ኮታቸውን አየች።

«ዛሬ አይወርዱም፣ ጋሼ!»

አጠገባቸው የተቀመጠው አዛውንት ትራንዚት ደግሞ ግሪካዊ ነበር። ሲሳፈር ባቡሩ ላይ ያለውን የአገሩን ፊደል አይቶ እንደ ዘመድ ሲዳብሰው ነበር። ሰልዋ ጉዳዩን በእንግሊዝኛ ስትነግረው ወዲያው ኮፍያውን አስተካከለ።

ሾላ ሲደርሱ ሱሌማን ሱቁን ሊዘጋ ነበር። ሁለት የማያውቃቸው ሽማግሌዎች፣ አንዱም ፈረንጅ፣ በሩ ላይ ቆመው ሲያይ የኮረሪማ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«እሺ ሳይሉን አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ተስፋልደት። ግሪካዊው ዝንጅብል የሞላ ጆንያ ላይ ሊቀመጥ ሲል በእጅጌው ጎትተው አቆሙት። ከዚያ ከላይኛው ሱሌማን ጀምረው ሁሉንም ተረኩ።

ሱሌማን በርበሬው እስኪያስነጥሰው ድረስ ሳቀ። ሲበቃው በሩ ጋ ወደቆመችው ልጁ ዞረ። ውጭ ሐሩን ባቡሩን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል።

«ስትጠብቂ የነበርሽው ይህንን ነው?»

ሰልዋ በሦስት ቋንቋ ስታወራ የምትውል ልጅ፣ የሻሿን ጫፍ ትጠቀልል ጀመር።

«በየቀኑ ነው የሚያናድደኝ፣ አባዬ» አለችና አለቀሰች።

«እናትሽም እኔን እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው የምትለኝ» አለ ሱሌማን። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ፣ «በሉ ተቀመጡ። ልጄ ከወደደችው እኔ ምን እላለሁ? ሰጥቻለሁ። ለጨርቅ ነጋዴዎቹ እኔው ልንገራቸው። የላይኛው ሱሌማን ዘንድ ግን የልጁ አጎት መጥቶ፣ አብረን ሄደን፣ ራህማንም አባቷንም ይቅርታ እንጠይቃለን» አለ።

ግሪካዊው ተቀመጡ መባሉ ገባውና ጆንያው ላይ ዘፍ አለ።

ወደ ቦሌ ሲመለሱ ሰልዋ ትንፋሽ አልነበራትም፤ አውሮፕላኑ ሊያመልጥ ነው። «ንዳ እንጂ! ምን ያስቅሃል?» ትላለች። ሐሩን ከስንት ጊዜ በኋላ በመስታወቱ ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው። መኪና ከኋላ ጡሩንባ ሲነፋባቸው ነው መብራቱ አረንጓዴ መሆኑን ያዩት።

«ያን ሁሉ ዝም ያልከኝን ግን አልረሳልህም» አለችው።

«አትርሺልኝ» አላት።

መገናኛ ላይ «ወራጅ አለ!» አሉ ጋሽ ተስፋልደት።

ሐሩን ፍሬኑን ሊይዝ እግሩን አነሳና ተወው፤ የሰልዋን ፊት ፈርቶ ዝም ብሎ ነዳ። እሷ ሰዓቷን አየች። ትራንዚቶቹን አየች። በረጅሙ ተነፈሰችና ማይክሮፎኑን ከፈተችው።

«አቁምላቸው እንጂ» አለች፤ ድምፅዋ በሦስቱም ፉርጎ ተሰማ። «ሽማግሌያችን ናቸው።»